ምዕራፍ 7፦ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት

ሙሽሮቹ ገና አልገቡም ነበር። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው፤ አዳራሹ እዚህ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ፣ ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ። ከበሩ አጠገብ ያለ ወንበር መርጬ የተቀመጥኩት አስቤበት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲል ቦርሳዬን አንስቼ ተነሣሁ። ታላቅ እህቴ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «የት ልትሄጂ? ሙሽሪት እኮ በር ላይ ናት» አለችኝ። «የቡቺ መርፌ ደርሷል» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፤ አስተያየቷ ግን ቁጣም ሐዘንም ነበረበት። መኪናዬ ጋ ስደርስ እልልታው ከኋላዬ ተሰማኝ።

ቡቺ ያኔ የ9 ዓመት ውሻ ነበር። ቢግልነቱ የሚያመዝን ድቅል፣ ጆሮው ረጅም፣ ክብደቱ 13 ኪሎ። ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ስምንት ወር ሆኖታል። በእነዚያ ስምንት ወራት ሁለት ክርስትና፣ አንድ ልደት፣ ስንት የማኅበር ተራ፣ አሁን ደግሞ ይህን ሠርግ ወይ ቀርቻለሁ ወይ አቋርጬ ወጥቻለሁ። ሰዎች ውሻውን እንደማበዛው ይነግሩኝ ነበር። እኔ ግን ዛሬም ቢሆን ውሻዬን በመንከባከቤ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፦ መርፌውን የማውቀው እኔ ብቻ እንድሆን መፍቀዴ።

በሽታውን ላስረዳ። ከጨጓራ ሥር ያለው ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል። ከምግብ የሚገኘው ስኳር ከደም ወጥቶ ጡንቻና ሌላው አካል ውስጥ የሚገባው በኢንሱሊን ነው። ውሾችን የሚይዘው ስኳር በአብዛኛው ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቅተው የሚመጣው ዓይነት ስለሆነ ክኒን አይመልሰውም፤ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መርፌ ነው፤ በቀን ሁለቴ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት፣ ከምግብ ጋር። ምልክቱን እኔ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ቡቺ ውሃ ይጠጣል፣ ደግሞ ይጠጣል፣ ሌሊት ሦስቴ እየተነሣ በር ይቧጥጣል፣ እየበላ ይከሳል። ደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲ ሊትር ከ180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መያዝ ያቅተዋል፤ ስኳሩ ውሃውን እየጎተተ በሽንት ይወጣል። ጥሙም የሚመጣው ከዚያ ነው።

የአገራችን ሰዓት አቆጣጠር ለዚህ በሽታ የተመቸ ነው። ልጄ ስልኩ ላይ 7:00 ብሎ ሞልቶታል፤ እኔ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ነው የምለው። ቀኑ ሲከፈት አንድ መርፌ፣ ሌሊቱ ሲከፈት አንድ መርፌ። ከአንዱ መርፌ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ 12 ሰዓት ሙሉ ነው። ሰው ሥራ ውሎ፣ ለቅሶ ደርሶ፣ ወንዝ ዳር ተቀምጦ የሚመለስበት ጊዜ ነው። ታዲያ እኔ ቤት የምውለው ለምን ነበር?

ፈርቼ ነው። ኢንሱሊን ስኳርን ያወርዳል፤ ከበዛ ከሚገባው በታች ያወርዳል። ከ60 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን አንጎል የሚበላው ያጣል። ውሻው ይዝላል፣ እግሩ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሲብስ ይንፈራገጥና ራሱን ይስታል። የስኳር ከፍ ማለት ለቀናት ችላ ካልተባለ በቀር ቀስ እያለ ነው የሚጎዳው፤ መውረዱ ግን በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል። ይህን ከቡቺ ሐኪም አፍ የሰማሁ ቀን ውሻውን ብቻውን ትቶ መውጣት ከልቤ ወጣ። ከዚያም ቤት እያዋልኩ ስለበደልኩት ይመስለኝና፣ አንዳንድ ቅዳሜ እንደ ካሳ ረጅም መንገድ ይዤው እሄድ ነበር። ከሁለቱ ስህተቶቼ የከፋው ይህ ሁለተኛው እንደነበር ያወቅሁት እናቴ ከመጣች በኋላ ነው።

እናቴ በሚያዝያ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ቡቺን ሶፋ ላይ ተኝቶ አገኘችው። እሷ ባደገችበት ቤት ውሻ ግቢ ያድራል፣ ትራፊ ይበላል፣ ሌባ ያባርራል፤ ሳሎን የሚባል ነገር አያውቅም። ለጸሎት ስትቆም ልብሷን እንዳይነካባት የመኝታ ቤቷን በር ትዘጋለች። በቃል አንዳች አልተናገረችም፤ የልጇን ቤት አክብራ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ግን አንድ ነገር ነበር። እናቴም ስኳር አለባት፤ ከ20 ዓመት በላይ በመርፌ ኖራለች። የፍሪጁ በር ላይ የሷና የቡቺ ብልቃጦች ጎን ለጎን ቆሙ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ የእኛ ቤቶች ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው አለና። ለውሾች በስፋት የሚታዘዘው ቬትሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ነው የሚይዘው፤ የሰዎቹ ኢንሱሊኖች በአብዛኛው 100። ሲሪንጆቻቸውም በዚያው ልክ ይለያያሉ፤ የ40ው ክዳን ቀይ፣ የ100ው ብርቱካንማ ነው። ከ100ው ብልቃጥ በ40ው ሲሪንጅ የቀዳ ሰው፣ መስመሩ 6 ላይ እያለ 15 ዩኒት ይወጋል። ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ይህን ያወቅን ዕለት የእናቴን ወደ ላይኛው መደርደሪያ፣ የቡቺን ወደ ታችኛው ለየን፤ ሲሪንጆቹንም ለየብቻ ሣጥን ውስጥ አስገባን።

ነገሩ የሆነው በግንቦት ነው። ሁለት ሳምንት ዝናብ ሆኖ ቡቺን እበር ድረስ እያወጣሁ ስመልሰው ከረምኩ። ፀሐይ በወጣችበት ቅዳሜ ስላይጎ ክሪክ ወሰድኩት። የዘወትር መንገዳችን ሃያ ደቂቃ ነበር፤ ያን ቀን ሁለት ሰዓት ከሩብ ሄድን። ወንዙ ውስጥ ገባ፣ ሽኮኮ አባረረ፣ ከሌላ ውሻ ጋር ተላፋ። እኔም ከስንት ወር በኋላ ከልቤ ሳቅሁ። ስምንት ሰዓት ገደማ ቤት ስንደርስ እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ቡቺ ምንጣፉ ላይ ወድቆ አገጩን መሬት ላይ ጣለ። «ደክሞት ነው» አልኩ።

እናቴ ጀበናውን አስቀምጣ አየችው። «ድካም አይደለም፤ ዓይኑን እዪው። ይንቀጠቀጣል። እኔንም እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ስኳሩ ወርዷል፤ ማር አምጪ!»

ማሩን ይዤ ስመለስ፣ ልብሷን እንዳይነካባት ሦስት ሳምንት ስትሸሸው የኖረች ሴት አጠገቡ ተንበርክካ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አሳርፋለች። በጣቷ እያጠቀሰች ድዱን ቀባችው። ጣቴ ላይ የደም ጠብታ እስኪወጣ የተርበተበትኩት እኔ ነበርኩ፤ የጆሮውን ጫፍ የምወጋበትን መርፌ ራሴን ወጋሁበት። እንደምንም ለካሁት፤ 47። ከሩብ ሰዓት በኋላ 80 አለፈ፤ ቀና ብሎ የእናቴን መዳፍ ላሰ። ምግብ ሰጠነው፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት በረርን።

ሐኪሟ ያደረግነውን ሁሉ ልክ ነው አለች። ማር ወይም የበቆሎ ሽሮፕ ድድ ላይ ይቀባል፣ መዋጥ ሲችል ምግብ ይሰጠዋል፣ ወዲያው ሐኪም ይጠራል። የሚንፈራገጥ ከሆነ ጣት በጥርሶቹ መካከል አይገባም፤ ሳያውቅ ይነክሳል። የከንፈሩ ውስጠኛ ክፍል ላይ መቀባት ይበቃል። ከዚያ ለምን እንደወረደ አስረዳችኝ። የሚሠራ ጡንቻ ስኳር ከደም ይመጥጣል፤ መሮጡ ደግሞ ከቆዳ ሥር የተወጋው ኢንሱሊን ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። ለሃያ ደቂቃ መንገድ የተሰላ መርፌ ሁለት ሰዓት ተራመደበት።

ለእኛ ሽርሽር ማለት ከትናንቱ የተለየ ቀን ነው። ስኳር ላለበት ውሻ ደኅና ቀን ማለት ትናንትን የሚመስል ቀን ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት እንስሳ ያለው ሰው መከራ በሙሉ እነዚህን ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

ያን ዕለት ማታ እናቴ «ለውሻም ኢንሱሊን አለ ብሎ ማን ያስባል» አለች። ታሪኩን ነገርኳት። ቆሽትና ስኳር እንደሚገናኙ በግልጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1889 በስትራስቡርግ፣ ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ቆሽቱን ያወጡለት ውሻ ስኳር ሲይዘው ነው። በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት የጨመቁትን ፈሳሽ የሞከሩትም ውሾች ላይ ነበር። ከነሱ አንዷ ማርጆሪ የምትባል ናት፤ ቆሽቷ ወጥቶ በዚያ ፈሳሽ 70 ቀን ያህል ኖራለች። ጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ከዚያ በፊት የዚህ ዓይነት ስኳር የያዘው ልጅ ዕጣው ሞት ነበር። የውሻና የአሳማ ኢንሱሊን በአሠራሩ አንድ ነው፤ ቬትሱሊንም ዛሬ ድረስ ከአሳማ ቆሽት ይሠራል። እናቴ ቡናዋን ይዛ ስታዳምጥ ቆየችና የውሻዋን ስም ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ማርጆሪ አልኳት። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል ሁለቱን መርፌዎች ያዘጋጀችው እሷ ነበረች፤ በመጀመሪያ የራሷን፣ ቀጥሎ የቡቺን።

ያን ሳምንት ሐኪሟ ቡቺን የጎኑን ጠጉር ላጭታ ሳንቲም የሚያክል መለኪያ ለጠፈችበት፤ ለሰው የተሠራው ፍሪስታይል ሊብሬ ነው። እስከ 14 ቀን እንዲቆይ ቢሠራም ውሻ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይወልቃል፤ የኛ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ይህ መለኪያ ሳይመጣ በፊት ሥራው የሚሠራው ቀኑን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ደም እየወሰዱ ነበር፤ ዛሬም በዚያ መንገድ የሚያደርጉ አሉ። የሚፈለገው ከአንዱ መርፌ እስከ ሌላው ስኳሩ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚያሳይ ሥዕል ነው። እኔን የጠቀመኝ ከሥዕሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ናት፤ ዝቅተኛዋ። የቡቺ ስኳር ከሁሉ ዝቅ የሚለው ከመርፌው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ማለትም ቀን ከሰባት እስከ ዘጠኝ። በዚያ ቅዳሜ ወንዝ ለወንዝ ያስሮጥኩት ልክ ወደዚያች ሰዓት ሲያዘቀዝቅ ነበር። ሌላ ውሻ ሌላ ሰዓት አለው፤ የራሳችሁን ውሻ ሰዓት ሳታውቁ የሽርሽር ዕቅድ አታውጡ።

የኔን ካወቅሁ በኋላ ቀኑ ራሱ ተከፈለልኝ። አንድ ሰዓት ላይ ይበላል፣ ይወጋል። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ስኳሩ ገና ከፍ ያለ ስለሆነ የመንገድ ጊዜያችን ነው። ከሰባት እስከ ዘጠኝ የዕረፍት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ አካባቢ በዚህ ሰዓት አንድ ሰው አብሮት እንዲኖር እናደርግ ነበር። የተቀረው የእኔ ነው። መንገዱን ለማርዘም ስንፈልግ በአንድ ቅዳሜ አናረዝመውም፤ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ እየጨመርን ከሃያ ደቂቃ ወደ አንድ ሰዓት ለመድረስ በጋው በሙሉ ፈጀብን። ረጅም መንገድ ባለበት ቀን የጠዋቱን መርፌ ምን ያህል እንደምንቀንስ ሐኪሟ ጽፋ ሰጥታናለች። ይህን በራስ ግምት ማድረግ አይገባም።

ቦታም ያሰብነውን ያህል አልጠበበንም። የምወደው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳር ነው፤ ከጆርጅታውን እስከ ኩምበርላንድ 184 ማይል ተኩል። በድሮ ዘመን በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ የሄዱበት መንገድ ስለሆነ ሜዳ ነው፤ ዳገት የለው፣ ዛፉ ጥላ ነው፤ የደከመ ውሻ በፈለገበት ቦታ ዞሮ ይመለሳል። ገመዱ ከ6 ጫማ መብለጥ የለበትም። ግሬት ፎልስ አጠገብ ያለው የቢሊ ጎት መንገድ የመጀመሪያ ክፍል ለውሻ ዝግ ነው፤ ድንጋዩን ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ራቅ ሲባል ሸናንዶዋ አለ፤ ከ500 ማይል የሚበልጠው የእግር መንገዱ አብዛኛው ለውሻ ክፍት ነው።

የቡቺ ቦርሳ የሕፃን ቦርሳ ይመስላል። መለኪያው፣ ውሃው፣ የአንድ ጊዜ ምግብ፣ በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ የተደረገ ማር። ከማታው አንድ ሰዓት በፊት የማንመለስ ከሆነ ኢንሱሊኑ በፎጣ ተጠቅልሎ የምሳ ማቀዝቀዣ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ በረዶው እንዲነካው አይፈቀድም፤ አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ይጣላል። ሙቀትም ያበላሸዋል። ውሻውም መድኃኒቱም የቆመ መኪና ውስጥ አይተዉም። ውጭው 32 ዲግሪ በሆነበት ቀን የመኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ 43 ገደማ ይደርሳል። ለአንድ ቡና ብሎ መውረድ ለዚያ ይበቃል።

ከመንገዱ ይልቅ የከበደኝ የራሳችን ግብዣ ነው። እንግዳ መጥቶ ቡቺ ዓይኑን ሲያንከራትት እጁን የሚሰበስብ ሐበሻ አላየሁም። «ትንሽ ነው፣ አታስጨንቂው» ይላል፤ ጉርሻው ወርዷል። ዶሮ ወጥ ግማሹ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቅቤ የበዛበት ክትፎ ቆሽትን ያስቆጣል፤ የተቆጣ ቆሽት ያለበት ውሻ ደግሞ ስኳሩ ልክ አልገኝ ይላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ በቅንነት የሚደረገው ነው። አንድ ዘመዴ «ስኳር ስላለበት ስኳር የሌለው አመጣሁለት» ብሎ ብስኩት ይዞ መጣ። ብዙ ስኳር አልባ ማስቲካና ጣፋጮች ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል በጤነኛ ውሻ እንኳ ቆሽቱን አነሣሥቶ ስኳሩን በድንገት ይጥላል፣ ጉበቱንም ይጎዳል። ዘመዴ ይህን እንዲያውቅ የነገረው ማንም አልነበረም። አሁን ግብዣ ሲኖር የተቀቀለ፣ ጨው የሌለው የዶሮ ሥጋ ቆራርጬ በትንሽ ሳህን በሩ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ማጉረስ የፈለገ ከዚያ ያጉርስ። ሰውን አታጉርስ ማለት አይቻልም፤ የሚጎረሰውን መለወጥ ግን ይቻላል።

ለንደን በሚገኘው የሮያል የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እነ ስታይን ኒሰን ስኳር ያለባቸው ውሾች ባለቤቶች ኑሯቸው ምን እንደሚመስል መጠየቂያ አዘጋጅተው ነበር። ባለቤቶቹ እንደሚከብዳቸው ከተናገሩት ውስጥ ጎልተው የወጡት የዘወትር ሥጋትና ውሻውን ለዘመድ ወይም ለጓደኛ ትቶ መሄድ አለመቻል ናቸው። መውጋቱን አይደለም ያሉት። እኔም ስለ መርፌው የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ መውጋት በሦስተኛው ቀን ይለመዳል፣ መርፌው ቀጭን ነው፣ ውሻው ምግቡን እየበላ አያስተውለውም። በአሜሪካ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሜሪ ቤት ስፒትስናጌልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ በጽኑ የታመመ እንስሳ የሚያስታምሙ ሰዎች ጤነኛ እንስሳ ካላቸው ይልቅ ጭንቀትና የድባቴ ምልክት በርትቶባቸው ተገኝቷል። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። የማስታመም ሸክም የሚባለው ነገር የታመመ ወላጅ ላስታመመ ሰው ብቻ የሚፈቀድ ይመስለኝ ነበር፤ ለውሻ ብዬ ደከመኝ ማለት ነውር መስሎኝ ስምንት ወር አፌን ዘግቼ ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛ ሰው አስተምሩ። እኛ ቤት ትምህርቱ በብርቱካን ነው የተሰጠው። የብርቱካን ልጣጭ ሲወጉት የቆዳ ያህል ይይዛል፤ ልጄ በአንድ ማታ አሥር ጊዜ ውሃ ወጋበት። ቀጥሎ እህቴን ጠራኋት፤ ያችኑ በሠርጉ እጄን የያዘችውን። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እንስሳ ወግቼ አላውቅም» አለችኝ። እናቴ «እኔንስ ስትወጊኝ ኖረሽ የለም ወይ?» አለቻት። ከዚያ ወዲያ አልተንቀጠቀጠችም። ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ሦስት ነገር ብቻ ይላል። ካልበላ አትውጉ፣ ደውሉ። ወጋሁ አልወጋሁ ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ አትድገሙ። ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ ማር፣ ከዚያ ስልክ። መካከለኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ አንድ መርፌ የዘለለው ውሻ ለአንድ ቀን ስኳሩ ከፍ ይላል፣ በስህተት ሁለቴ የተወጋ ግን ሌሊቱን ላያድር ይችላል። ወረቀቱ ሥር ገመድ ያላት እርሳስ ታስራለች፤ የወጋ ሰው ሰዓቱንና ስሙን ይጽፋል።

ሰዓቱም ቢሆን እንደ ደወል አይደለም። ሐኪሟን ስጠይቃት አልፎ አልፎ የአንድ ሰዓት መዛነፍ ጉዳት እንደሌለው ነገረችኝ። እኔ ለሃያ ደቂቃ መዘግየት ቀይ መብራት ጥሼ አውቃለሁ። በመጋቢትና በኅዳር አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ በአራት ቀን ሩብ ሩብ ሰዓት እያሸጋሸግን እናስተካክላለን። ይህን አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ያን ሠርግ እስከ እልልታው ድረስ እቆይ ነበር።

የማንወጣበት ቀንም አለ። ቡቺ ምግብ እንቢ ካለ፣ ካስታወከ፣ ወይም ትንፋሹ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ዕቅዱ ተሰርዞ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሰውነቱ ስኳር መጠቀም አቅቶት ስብ ሲያቃጥል ደሙ አሲድ ይሆናል፤ ይህ ቀናት አይሰጥም። ቲኬት ተቆርጦ፣ ሰው ተቀጥሮ እንኳ ቀርቻለሁ። እንዲህ ባለው ቀን መቅረት አይቆጨኝም፤ የሚቆጨኝ ያለ ምክንያት የቀረሁት ነው።

በዚያው ዓመት መከር ላይ የቡቺ ዓይኖች ነጡ። ትርፍ ስኳር የዓይን ሌንስ ውስጥ ገብቶ ወደ ሌላ ዓይነት ስኳር ይለወጥና ውሃ ይስባል፤ ሌንሱ ይደፈርሳል። ስኳር ካለባቸው ውሾች አብዛኞቹ በታወቀባቸው በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ የዓይን ሞራ ይይዛቸዋል፤ መርፌያቸውን በደንብ የሚወስዱትም ሳይቀሩ። ቀዶ ሕክምና አለው፤ የኛ አቅም አልደረሰበትም። ሽርሽሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ግን ቢግል ዓለምን የሚያነበው በአፍንጫው ነው። ከቦዩ ዳር ስንደርስ አንገቱን ወደ ነፋሱ ያዞርና ይቆማል፤ እኔ የማላየውን ሁሉ ያገኘዋል። እኛ ሁለት ቃል አስተማርነው፤ «ደረጃ» እና «ቆይ»። ልጄ ግራውን ይሄዳል፣ እኔ ቀኙን። ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ድልድይ። ለእሱ መደጋገሙ ሲጠቅመው ያየሁት ያኔ ነው፤ መንገዱን በልቡ ይዞት ስለነበር ያለ ዓይን ሄደበት።

እናቴ በጥቅምት ወደ አገሯ ተመለሰች። አሁን ስትደውል ከእኔ በፊት የምትጠይቀው የእሱን ቁጥር ነው። በተከታዩ ሐምሌ፣ በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ ወደሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ከልጄ ጋር ሄድን፤ አራት ቀን። በዚያው ሰሞን በየሰፈሩ ርችት ስለሚተኮስ ቡቺን ከነአልጋው እህቴ ቤት አደረስነው፤ ርችቱ እንዳይሰማው መስኮት በሌለው ኮሪደር አነጠፈችለት። የመጀመሪያው ማታ፣ ስታዲየሙ ውስጥ ሰው ከሰው ተጨናንቆ፣ የጥብስ ሽታና የዘፈን ድምፅ ሲደባለቅ፣ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። አንድ ሰዓት ከአምስት ሲል በራ።

«በልቷል። 6 ወጋሁ። ጽፌያለሁ።»

ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ነበር። ልጄ ውሃ ይዞ መጣ፤ ቦታ ለቀቅሁለት።